ስኮርቱ የት ሄደ?

መጋቢት ውስጥ ነው። ጠዋት ከኢትዮጵያ የገባችውን አክስቴን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ እየወሰድኳት ነበር። ዝናቡ ቀጭን ነው፤ ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩ፣ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። የሌጊዮን ድልድይን ተሻግረን ወደ ኮነቲከት አቬኑ መውጫ ስንቃረብ የቀኝ ፊት ጎማ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ያን ድምፅ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ሁለተኛ አይስተውም። መጀመሪያ "ጓ!" ይላል፤ ቀጥሎ መሪው ወደ ቀኝ ይጎትታል፤ ከዚያ የተነፈሰው ጎማ ከቸርኬው ሥር እየተላጋ አስፋልቱን ሲመታ ይሰማል። አራቱን ፍሬቻ አብርቼ ዳር ያዝኩ።

አክስቴ የደጀን ሰው ናት። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አባይ በረሃን በከባድ መኪና ሲወጣና ሲወርድ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ምንም አልደነገጠችም። "አይዞህ ልጄ፣ ስኮርቱን አውርደህ ቀይረው። ድንጋይ እኔ አቀብልሃለሁ" አለችኝ። ወርጄ ትራንኩን ከፈትኩ። በርበሬና ሽሮ የታጨቀባቸውን ሁለት ሻንጣዎች አንድ በአንድ አውርጄ ዝናብ ላይ አቆምኩ። ምንጣፉን ገለጥኩ። ጎማ የለም። በፎም በተቀረጸ ጎድጓዳ ውስጥ ከጡብ የማትበልጥ ኤሌክትሪክ መንፊያና ነጭ ፈሳሽ የያዘች ብልቃጥ ተኝተዋል። ጎማው ደግሞ የተቀደደው በጎኑ ነው፤ ሦስት ጣት ያስገባል። ለእንዲህ ያለው ቀዳዳ ብልቃጡ አይሆንም። ጎታች መኪና ጠርተን ሁለት ሰዓት ከሩብ ጠበቅን።

"ይቺን የምታህል መኪና ሲሸጡልህ አምስተኛውን ጎማ አልሰጡህም?" አለች አክስቴ፣ ነጠላዋን አገጯ ድረስ ተከናንባ። መልስ አልነበረኝም። መኪናዋን ከገዛሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ያን ምንጣፍ ግን አንድ ቀን ገልጬ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስጠይቅ፣ ሳነብና ሳወዳድር ከርሜያለሁ። በዋሽንግተኑ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር፣ 18ኛው ጎዳና ላይ ቡና ሲጠጡ የማገኛቸው አሽከርካሪዎች በሁለት ተከፍለዋል። አንዱ ወገን "ስልክና ኢንሹራንስ እያለ ጎማ መሸከም ነዳጅ ማቃጠል ነው" ይላል። ሌላው "ያለ ስኮርት ጉዞ ያለ ዱላ መንገድ ነው" ባይ ነው። የሁለቱንም ክርክር አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ የራሴንም ፍርድ አልደብቅም።

ከቃሉ ልጀምር። ስኮርት የምንለው ከጣሊያንኛው "ስኮርታ" የመጣ ነው፤ መጠባበቂያ ማለት ነው። ከጎሚስታ፣ ከክሪክ፣ ከቡሎንና ከካላማዳሪ ጋር በአንድ ዘመን የገባ የጋራዥ ቃል ነው። የሚገርመው፣ እዚሁ ዋሽንግተን ከእኛ ጋር ተሰልፈው ታክሲ የሚነዱት የሕንድና የባንግላዴሽ ሰዎች ይህንኑ ጎማ "ስቴፕኒ" ይሉታል። ስቴፕኒ በዌልስ፣ ላኔሊ በምትባል ከተማ ያለ ጎዳና ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ቶማስና ዋልተር ዴቪስ የተባሉ ወንድማማቾች እዚያ ጎዳና ላይ ባለው ሱቃቸው፣ በተበሳው ጎማ ጎን የሚታሰር ተጨማሪ ጎማ ሠርተው መሸጥ ጀመሩ። ከዚያ በፊት የነበረ ባለመኪና ጎማው ሲፈነዳ መንገድ ዳር ተቀምጦ ላስቲኩን ከቸርኬው ማላቀቅ፣ መለጠፍና በእጅ መንፋት ነበረበት። የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የደረሰችውም በዚያው ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ለአፄ ምኒልክ ነው። እንግዲህ መጠባበቂያ ጎማ ከመኪና ብዙም የማያንስ ዕድሜ ያለው ዕቃ ነው ማለት ይቻላል። መቶ ዓመት አብሮ ኖሮ በሃያ ዓመት ውስጥ ከትራንክ የጠፋበትን ምክንያት ማወቅ ይገባናል።

መጥፋቱን በዓይናችን ያየነው እኛ የታክሲ ሰዎች ነን። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (የፈረንጁን ዘመን ነው የምቆጥረው) 18ኛው ጎዳና ላይ ሬድ ሲ ሬስቶራንት ሲከፈት፣ ኋላም መስከረም የተባለው ምግብ ቤት ሲከተል፣ በራቸው ላይ የሚደረደሩት ታክሲዎች ትልልቆቹ የአሜሪካ መኪኖች ነበሩ። ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ የነዳ ያስታውሳል፤ የመንገደኛ ሻንጣ ሁሉ ገብቶ እንኳ ከወደ ውስጥ ጥግ ጎማው ጋደም ብሎ ይታይ ነበር። የክራውን ቪክቶሪያ ምርት በ2011 ቆመ። ከዚያ በኋላ የመጡት ካምሪና ፕሪየስ ቀጭኗን ጎማ፣ ዶናት የምንላትን፣ ይዘው መጡ። አሁን በኡበርና በሊፍት የሚሠሩ ልጆች ቴስላ ይነዳሉ። ቴስላ ውስጥ ስኮርት የሚባል የለም፤ ክሪክ እንኳ የለም። ሙሉ ጎማ፣ ከዚያ ዶናት፣ ከዚያ ባዶ ጎድጓዳ፦ ሦስቱንም በአንድ ሰው የሥራ ዕድሜ አየናቸው።

የአሜሪካው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ትሪፕል ኤ በ2015 ያወጣው ጥናት ነገሩን በቁጥር አስቀምጦታል። በ2006 ሞዴል ያለ መጠባበቂያ የሚሸጡት መኪኖች 5 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ሞዴል 36 በመቶ ደረሱ። በእነዚያ አሥር ዓመታት 29 ሚሊዮን መኪና በጎማው ምትክ ብልቃጥና መንፊያ ይዞ ከፋብሪካ ወጥቷል። ማኅበሩ በዓመት ከአራት ሚሊዮን በላይ የጎማ ጥሪ ይቀበላል። በ2016 ብቻ ጎማ ተንፍሶባቸው ትራንካቸው ውስጥ መጠባበቂያ ያላገኙት ደዋዮች ከ450 ሺህ በላይ ነበሩ። ቤልትዌይ ላይ ያገኘኝ ነገር የእኔ ብቻ ጉድ አልነበረም።

ምክንያቱ ክብደት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከነዳጁ ቀውስ በኋላ በ1975 ባወጣው ሕግ መኪና ሠሪዎች የሚሸጧቸው መኪኖች በጋሎን በአማካይ ስንት ማይል መሄድ እንዳለባቸው ይወስናል። በ2012 ልኩ በጣም ከፍ አለ። መሐንዲሶች ከበሩም፣ ከወንበሩም፣ ከኮፈኑም ኪሎ ሲቀንሱ፣ ጎማውና ክሪኩ አንድ ላይ ከአሥር እስከ ሃያ ኪሎ የሚመዝኑ በመሆናቸው ዓይን ውስጥ ገቡ። ሁለተኛው ምክንያት ቦታ ነው፤ የሃይብሪዱ ባትሪ የጎማውን ማደሪያ ወሰደው። ሦስተኛው ገንዘብ ነው፤ ለሠሪው ብልቃጥ ከጎማ፣ ከቸርኬና ከክሪክ ይረክሳል።

ለሠሪው የረከሰው ለእኛ ግን ተወደደ። ያው ጥናት እንደሚለው ብልቃጧን አንድ ጊዜ ተጠቅሞ በሌላ መተካት እስከ 300 ዶላር ሊያስወጣ ይችላል፤ ሳትነካ ብትቀመጥም ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ውስጥ ጊዜዋ ያልፋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። መጠባበቂያው በወጣባቸው በእነዚያው ዓመታት ቸርኬዎች እየተለቁ፣ ጎማዎች እየሳሱ መጡ። የድሮው ካምሪ ጎማ ወፍራም ጎን ነበረው፤ ጉድጓድ ሲመታው ይተጣጠፋል እንጂ ቶሎ አይቀደድም። የዛሬው ባለ 18 እና 19 ኢንች ቸርኬ ጎማ ጎኑ አራት ጣት ቢሆን ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ሲወድቅ ላስቲኩ በቸርኬው ጠርዝና በአስፋልቱ መካከል እንደ መቀስ ይያዝና ይቆረጣል። ጎማው ለጉዳት ይበልጥ የተጋለጠው መድኃኒቱ በጠፋበት ጊዜ ነው። አዲስ መኪና ስንገዛ ቸርኬው እንዲያምር እንጠይቃለን፤ ምንጣፉን የሚገልጥ ግን የለም። ሻጩም አይገልጥልንም።

ሕጉስ? በአሜሪካ የግል መኪና መጠባበቂያ እንዲይዝ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ያለው ከ2007 መስከረም ጀምሮ በቀላል መኪኖች ሁሉ ላይ የተደነገገው የጎማ አየር ጠቋሚ ነው፤ አየሩ ከልኩ በሩብ ሲቀንስ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ያበራል። መነሻው በ2000 የፋየርስቶን ጎማዎች በፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ እየተላጡ ያደረሱት እልቂት ነው። ያቺ ቢጫ መብራት ሕይወት አድናለች ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የምትናገረው ቀስ እያለ ስለሚተነፍስ ጎማ ነው፤ ስለሚቀደደው የምትናገረው ከተቀደደ በኋላ ነው።

እንግዲህ ዛሬ አንድ ሰው ሊይዝ የሚችለውን ሁሉ ልየው።

ሙሉ ጎማው፣ ማለት ከአራቱ ጋር እኩል የሆነው፣ ብዙ አያከራክርም። ካለህ ያዘው። ፒክአፖችና አንዳንድ ትልልቅ መኪኖች ከሆዳቸው ሥር በሽቦ ገመድ አንጠልጥለው ይይዙታል። እዚህ አገር በክረምት መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ያንን ገመድና ማውረጃውን ስለሚበላው በዓመት አንዴ አውርዶ ማየትና ግራሶ መቀባት ያስፈልጋል። ገመዱ ዝጎ ካልወረደ ጎማው ተሰቅሎ ያየሃል እንጂ አያገለግልህም።

ዶናቷ ላይ ቆም ልበል፣ የአብዛኞቻችን እሷ ናትና። ባለፈው ሰኔ አንድ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ ሰፊ መኪና ማቆሚያ ከሁለት ወዳጆቼ ጋር ትራንካችንን ከፈትን። የአንደኛው ካምሪ የ2012 ሞዴል ናት። ዶናቷ ከተገዛች ጀምሮ ከቦታዋ ተነሥታ አታውቅም፤ የአዲስ ጎማ ፀጉሯ እንኳ አልረገፈም። ባለቤቱ ደስ አለው። የአየር መለኪያውን ሰካንባት። የዶናት ጎን ላይ በጉልህ የሚጻፈው ልክ 60 ፒኤስአይ ነው፤ ከተራው ጎማ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። መለኪያው 18 አለ። ከዚያ በጎኗ ላይ ያለውን የአራት አሃዝ ቁጥር አነበብን፤ 3511 ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ በ2011 በሠላሳ አምስተኛው ሳምንት የተሠራች ናት ማለት ነው። ብዙ ጎማ ሠሪዎች ተረግጦም ሆነ ሳይረገጥ ከአሥር ዓመት ያለፈ ጎማ ከአገልግሎት እንዲወጣ ይመክራሉ። ላስቲክ ጨለማ ውስጥ ተኝቶም ያረጃል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ወዳጄ ይህን ሁሉ ዓመት ስኮርት አለኝ ብሎ ሲነዳ የያዘው ግማሽ እስትንፋስ የሌላት ጎማ ነበር። የሌላው ወዳጃችን ደግሞ ጎማውም ክሪኩም ደህና ነው፤ ቸርኬው ግን የሌባ መከላከያ ቡሎን አለው፣ የዚያ ቡሎን ልዩ መፍቻ የት እንደገባ አያውቅም። ያ መፍቻ ከጠፋ አምስት ስኮርት ቢኖርም አንዱንም ማሰር አይቻልም።

ዶናት የምታደርሰው እስከ ጎሚስታ ድረስ ነው። በሰዓት ከ50 ማይል በላይ አትነዳም፤ ርቀቷም ከ50 እስከ 70 ማይል ነው። በፊት ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ የፊቱ ከተበሳ፣ በተለይ በረዶ ካለ፣ የኋላውን ደህና ጎማ ወደ ፊት አምጥቶ ዶናቷን ኋላ ማሰር ይሻላል። ድካሙ እጥፍ ነው፤ መሪውና ፍሬኑ ግን ይታዘዛሉ። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ያለው ሰው ደግሞ የመኪናውን መመሪያ አስቀድሞ ያንብብ፤ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ሲያንስ ማርሹ ላይ ጫና ይፈጠራል።

ሳይነፋ የሚሄደው ጎማ፣ ጎኑ ተደንድኖ የተሠራው፣ በቢኤምደብሊው በኩል ነው ወደ ብዙዎቻችን የደረሰው። አየሩ ሁሉ ወጥቶ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እስከ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይወስዳል። ሌሊት ብቻዋን ለምትነዳ ነርስ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከመኪናዋ ሳትወርድ ቤቷ ትደርሳለች። ዋጋው ግን ያስደነግጣል፤ አንዴ ያለ አየር ከተነዳ ብዙ ጎሚስታ አይጠግነውም፤ ጎኑ ክፉኛ ከተቀደደም ያው መቆም ነው።

ብልቃጧ በጎማው ፊት፣ መንገዱን በሚረግጠው በኩል፣ ለገባ ትንሽ ምስማር ትሠራለች። ምስማሩን ሳይነቅሉ ፈሳሹን ማስገባት፣ መንፋት፣ ወዲያው ጥቂት መንዳት ነው። ለተቀደደ ጎን አትረዳም። ፈሳሹም ውስጡን አጣብቆ ስለሚያቆሽሸው ጎሚስታው ሲጠግን ያማርራል። እኔ ከብልቃጧ ይልቅ መንፊያዋን እወዳታለሁ። ከልምዴ እንደማውቀው ከተማ ውስጥ የሚገጥመን ብዙው ቀዳዳ የሕንፃ ሥራ ምስማርና ብሎን የሚሠራው ቀስ እያለ የሚተነፍስ ቀዳዳ ነው። በእንዲህ ያለው ጊዜ መንፊያዋን ሰክቶ 35 ፒኤስአይ መሙላትና እየነዱ ጎሚስታ ጋ መድረስ ይቻላል። ክሪክ የለም፣ መንበርከክ የለም። ስኮርት ያለውም የሌለውም ሰው አንዲት መንፊያ ቢገዛ አይቆጨውም።

የመጨረሻው አማራጭ ስልክ ነው፤ የኢንሹራንሱ የመንገድ ላይ እርዳታ ወይም የማኅበር አባልነት። ይህን የሚያጣጥሉ ወዳጆች አሉኝ፤ እኔ አላጣጥለውም። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸውን አዛውንት፣ ሕፃን የያዘችን እናት፣ ወገቡን የሚያመውን ሰው ቡሎን ፍቱ ማለት አይገባም። ግን የሚመጣው ሰው የሚያደርገው ያንኑ ስኮርት ማሰር መሆኑን እንወቅ። ስኮርት ከሌለ ይጎትታል። ከተጎተተ ደግሞ ጎሚስታው ክፍት መሆን አለበት። እሁድና ሌሊት ዝግ ነው። መኪናው እንጀራው ለሆነ ሰው ያ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ነው፤ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ማታ ከሆነ የሳምንቱ ምርጥ ገበያ ነው።

መንገዱም የራሱ ቃል አለው። አዳምስ ሞርጋን ውስጥ ጎማ መተንፈስ የሚያስጨንቅ አይደለም። ጎዳናው ጠባብ ነው፣ መኪና ቀስ ይላል፣ ሰው አለ፣ መብራት አለ። ችግሩ ተዳፋቱ ነው። 18ኛው ጎዳና ወደ ፍሎሪዳ አቬኑ ሲወርድ መኪናን በክሪክ ማንሳት አደጋ ነው፤ እጅ ፍሬን ይዞ፣ ከታች በኩል ባለው ጎማ ድንጋይ ወይም እንጨት አስደግፎ ካልሆነ ክሪኩ ይንሸራተታል። የሚሻለው በተነፈሰው ጎማ ቀስ ብሎ ሜዳ እስኪገኝ መሄድ ነው፤ ጎማው ቢጠፋ ይጥፋ። ጉድጓዱን በተመለከተ፣ የካቲትና መጋቢት ክፉዎች ናቸው። ቀን ቀልጦ የገባው ውሃ ሌሊት በረዶ ሆኖ ሲያብጥ አስፋልቱን ከሥሩ ይሰነጥቀዋል፤ የመኪናው ክብደት ይጨርሰዋል። የዋሽንግተን ከተማ መንገድ መሥሪያ ቤት በየጸደዩ ፖትሆልፓሉዛ የሚባል የጉድጓድ መድፈኛ ዘመቻ ያካሂዳል፤ 311 ደውሎ ቦታውን መጠቆም ይቻላል። የእኛ ሰው ጉድጓዱን ለወዳጁ ይነግራል እንጂ ለ311 አይነግርም፤ መደወሉ ልማዳችን ቢሆን ጥሩ ነበር።

ቤልትዌዩና 395 የሚባለው አውራ ጎዳና ሌላ ዓለም ናቸው። እዚያ ላይ ስኮርት ቢኖርም ሁልጊዜ ይቀየራል ማለት አይደለም። የተበሳው በትራፊኩ በኩል ያለው የግራ ጎማ ከሆነና ዳሩ ጠባብ ከሆነ ጀርባህን ለሚበር መኪና ሰጥተህ አትንበርከክ። ሜሪላንድ ከጥቅምት 2022፣ ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ፍሬቻውን አብርቶ ዳር ለቆመ ማንኛውም መኪና ሌሎች መስመር እንዲለቁ ወይም ፍጥነት እንዲቀንሱ የሚያዝዘውን ሕግ አስፍተዋል። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ስልኩን እያየ የሚነዳውን ሰው ግን አያቆመውም። እኔ ያን ጠዋት ያላወቅሁት ነገር ደግሞ አለ፦ በሁለቱም ግዛቶች የመሰላል ምልክቱንና ሰባት ሰባትን፣ #77ን፣ መደወል የመንገድ ፖሊስን ያገናኛል። ሜሪላንድ ቻርት የሚባሉ፣ ቨርጂኒያም የራሷ፣ በአውራ ጎዳና የሚዘዋወሩ የእርዳታ መኪኖች አሏቸው። ከኋላህ ቆመው ብርሃን ያበሩልሃል፣ ትራፊኩን ያዞሩልሃል፣ ጎማ መቀየርም ያግዛሉ። ክፍያ አይጠይቁም። ግን እነሱም የሚያስሩት አንተ የያዝከውን ጎማ ነው።

አክስቴ "ድንጋይ እኔ አቀብልሃለሁ" ያለችው የምታውቀውን ሥርዓት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ሲወረድና ወደ ደጀን ሲወጣ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ጥምዝምዝ ነው። ፍሬኑ ይግላል፣ ጎማው ይግላል። ጎማ ሲፈነዳ ረዳቱ መኪናው ሳይቆም ዘልሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ያስገባል። ከወደ ላይና ከወደ ታች የዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ አስፋልቱ ላይ ያነጥፋል፤ ቅጠሉን ያየ ሾፌር ከመታጠፊያው ጀርባ የቆመ መኪና እንዳለ ያውቃል። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ይፈልጋል። ስኮርት ሳይይዝ ያን በረሃ የሚወርድ ሾፌር አልነበረም፤ ብዙው ሁለት ይይዛል፣ ካላማዳሪና መለጠፊያም ይጨምራል። ስልክ በሌለበት ጊዜ አምስተኛው ጎማ ስልክም፣ ኢንሹራንስም፣ ጎታችም ነበር። ከዚያ የመጣን ሰዎች ባዶ ትራንክ ስናይ የሚሰማን ፍርሃት ከዚህ ነው።

አሁን ጥያቄው ተመልሶ አገር ቤት ደርሷል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህ አዲስ አበባ በቻይና ኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላች ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ እንደ እኔዋ ናቸው፤ ከምንጣፉ ሥር መንፊያና ብልቃጥ እንጂ ጎማ የላቸውም። መኪናው የተሠራው ጥሩ አስፋልትና ቅርብ እርዳታ ላለው አገር ነው። በየሰፈሩ ጎማ ደርድሮ የሚቀመጠው ጎሚስታ አዲስ አበባ ውስጥ ያድናል፤ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ምናልባት መንፊያዋ ትበቃለች። ወደ ደሴ ወይም ወደ ባሕር ዳር የሚወጣ ሰው ግን በባዶ ትራንክ መንገድ አይጀምር ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ባትሪው ስለሚከብድ ክሪኩም ክብደቱን የሚችል፣ የሚያርፍበትም ቦታ በመመሪያው የተመለከተው መሆን አለበት፤ ያለ ቦታው ካረፈ ባትሪውን ይወጋል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ቀን ቀን ከቤት ወደ ሥራ ከተማ ውስጥ የሚመላለስ፣ ጥሩ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ያለ ስኮርት ቢኖር አልወቅሰውም፤ መንፊያና የአየር መለኪያ ይያዝ። መኪናው እንጀራው የሆነ፣ ሌሊት የሚነዳ፣ ልጆችና ሽማግሌ የሚያሳፍር፣ በወር አንዴም ቢሆን ወደ ሪችመንድ ወይም ወደ ፊላደልፊያ የሚወጣ ሰው ግን ይግዛ። ጎድጓዳው ባይኖር እንኳ በማሰሪያ ጥግ ይይዛል። ከአሮጌ መኪና መለዋወጫ ግቢ ለእኔዋ ልክ የሆነች ዶናት በ70 ዶላር አገኘሁ። ልክ ናት ማለት የቡሎኑ ቁጥር፣ በቡሎኖቹ መካከል ያለው ርቀትና የመሐሉ ቀዳዳ ይገጥማል፣ ፍሬኑንም አትነካም ማለት ነው፤ ይህን ሳላረጋግጥ ገንዘብ አልከፈልኩም። ክሪክና የቡሎን መፍቻ ጨመርኩ። ከዚያ መኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ በጠራራ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ አስሬ ፈታሁ። ቡሎኑን መኪናው መሬት ላይ እያለ ማላላት፣ ከዚያ ማንሳት፤ ሲታሰርም ዙሪያውን በተራ ሳይሆን አንዱን ከትይዩው እያፈራረቁ ማጥበቅ። የመጀመሪያው 40 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ሁለተኛው 20።

አክስቴ ሦስት ወር ቆይታ በሰኔ መጨረሻ ተመለሰች። የአዲስ አበባው ልጇ ባለፈው ዓመት ከቻይና የመጣች ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ከመሄዷ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ደውሎ "ወንድሜ፣ እናቴ የነገረችኝን ሰምቼ የእኔን ምንጣፍ ገለጥኩት፤ ባዶ ነው" አለኝ። የቡሎኑን ልክና የቸርኬውን ቁጥር በፎቶ ላከልኝ። አንድ ቅዳሜ ሙሉ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ዞሬ የምትገጥመውን፣ የሁለት ዓመት ዕድሜ ያላትን አገኘሁ። አየሯን አውጥቼ በላስቲክ ጠቅልዬ ሚዛን ላይ አወጣኋት፤ 14 ኪሎ። አንዱ ሻንጣ 23 ይፈቅዳል። በቀረው ዘጠኝ ኪሎ ላይ አክስቴ የልጅ ልጆቿን ጫማና የደም ግፊት መድኃኒቷን ደረደረች፤ የጫማዎቹን ካርቶን አውጥታ ጫማዎቹን አንድ በአንድ በቸርኬው ጎድጓዳ ውስጥ አስቀመጠቻቸው፣ አራት ጥንድ ገባ።